ፈጣኑን መቼ እናስገባው?

የዚህ ወር ወጋችን ስለ ጨዋታ ነው፤ ያውም ስለ ስልክ ጨዋታ። «እኔ ልጄን ስልኩን አስቀምጥ እያልኩ ቀኑ ይመሽብኛል፤ ደግሞ አንቺ ልትጨምሪበት ነው?» የምትሉ ወላጆች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ትንሽ ብቻ ታገሱኝ። ስለ አንዲት ፈጣን፣ ግን ስስ አውሬ ላወራችሁ ነው። እግረ መንገዴንም ምናልባት በእናንተም ቤት ስላለው ፈጣን ልጅ።

ነገሩ የጀመረው እብናት ነው። ነሐሴ ላይ ቡሄን ከቤተሰቦቼ ጋር ላሳልፍ ሄጄ ነበር። ከአዲስ ዘመን ወደ እብናት የሚያስገባውን መንገድ በክረምት የሄደበት ሰው ጭቃውንም ጭጋጉንም ያውቀዋል። ቤት ስደርስ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፤ እናቴ ለሙልሙሉ ታቦካለች፤ የእህቴ ልጅ ግን መደቡ ላይ ተጋድሞ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ዕድሜው 14 ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ የክልሉን ፈተና ውጤት ይጠብቃል። «እታለም፣ እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ ሳመኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩን መደቡ ላይ ወርውሮ ወጣ። ተሸንፎ ነው። በዚያ ቀን ብቻ ለሰባተኛ ጊዜ።

እህቴ «ይኸውልሽ፣ ሥራው ይኼ ነው። ስትመለሺ ይህን ስልክ ይዘሽልኝ ሂጂ» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ግንቦት ላይ በተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር ክፍሉን ወክሎ ቀርቦ ነበር። ሦስቱን ጥያቄዎች ጠያቂው ሳይጨርስ እጁን አውጥቶ በትክክል መለሰ። አራተኛውንም እንደዚያው ሳያስጨርስ መለሰና ተሳሳተ። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ከመድረኩ ወርዶ በቀጥታ ወደ ቤት መጣ፤ ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

እኔ ደግሞ ለዚህ ልጅ በፋሲካ ቃል ገብቼለት ነበር። «ስምንተኛን በጥሩ ውጤት ካለፍክ ዘጠነኛ ክፍልን አዲስ አበባ እኔ ጋ ሆነህ ትማራለህ» ብዬው ነበር። ስለዚህ የእህቴ ወሬ ለእኔ የስልክ ወሬ ብቻ አልነበረም። ማታ እራት ከተበላ በኋላ አጠገቡ ተቀመጥኩና «እስኪ ይህን ነገር አሳየኝ» አልኩት። መጀመሪያ ልቀማው የመጣሁ መስሎት ስልኩን ወደ ደረቱ አስጠጋው። ከዚያ አሳየኝ።

ጨዋታው ፖክሞን ይባላል። ሐሳቡን ያመነጨው ሳቶሺ ታጂሪ የተባለ ጃፓናዊ ነው፤ በልጅነቱ ነፍሳትን እየያዘ መሰብሰብ ይወድ ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ 151 ፍጡራን ነበሩት፤ ዛሬ ከ1,000 በላይ ሆነዋል። የጢንዚዛ እግር ላይ ክር አስረን እያበረርን ያደግን ሰዎች የሰውየው ሐሳብ አይከብደንም። መያዝ፣ ማሳደግ፣ ከጓደኛ ጋር ማጋጠም ነው።

የእህቴ ልጅ የሚጫወተው ፖክሞን ሾውዳውን በሚባል ነጻ የማጋጠሚያ ሜዳ ነው። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ከማያውቀው ሰው ጋር ይገጥማል። ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች 6 ፍጡራን ይዞ ይመጣል፤ በተለመደው ውድድር ሜዳ ላይ የሚቆመው ግን አንድ ለአንድ ነው። እያንዳንዱ ፍጡር 4 ምቶች ያውቃል። በየተራው ሁለቱም ተጫዋቾች ሳይተያዩ ይመርጣሉ፤ ወይ መምታት ነው፣ ወይ ሜዳ ላይ ያለውን አስወጥቶ ሌላ ማስገባት። ሁለቱም መምታትን ከመረጡ፣ ከጥቂት ልዩ ምቶች በስተቀር፣ ፍጥነቱ የሚበልጠው ቀድሞ ይመታል። ብልጫው አንድ ነጥብ ብትሆንም ያው ነው። ተመቺው በዚያ ምት ከወደቀ ደግሞ የራሱን ምት ሳይሰነዝር ይወጣል።

ፍጥነት ለምን እንደሚወደድ ገባችሁ አይደል? ቀድሞ የጣለ አይመታም።

የልጁ ወዳጅ ዊቫይል ትባላለች። ጥፍረ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኗ የማያርፍ አውሬ ናት፤ እኔ ሳያት ዶሮ የሚጨርስብን ሸለምጥማጥ ትዝ አለኝ። የፍጡራኑ ችሎታ በቁጥር ነው የሚለካው። የዊቫይል መነሻ ፍጥነት 125፣ የጥቃት ኃይሏ 120 ነው። አካላዊ ምትን የምትችልበት መከላከያዋ ግን 65 ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዓይነቷ ሁለት ነው፤ ጨለማና በረዶ። ጨለማ በቡጢ ይጎዳል፤ በረዶም በቡጢ ይጎዳል። ስለዚህ የቡጢ ምት ሲያርፍባት ጉዳቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ጋርቾምፕ የሚባል የሚፈራ ዘንዶ አለ፤ ፍጥነቱ 102 ነው። ዊቫይል ትቀድመዋለች፤ በረዶ ደግሞ በእሱ ላይ 4 እጥፍ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ በአንድ ምት ትጥለዋለች። እሷም ብትሆን በአንድ ቡጢ ነው የምትወድቀው።

ልጁ ሲጫወት ሦስት ግጥሚያ አየሁ። ሦስቱንም ጊዜ ዊቫይልን መጀመሪያ አስገባት። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፤ አንዱን ትጥልለታለች። ከዚያ ተቃዋሚው ሲዘር የሚባል ብረት ለበስ ነፍሳት ያስገባል። የሲዘር ፍጥነት 65 ብቻ ነው፤ ነገር ግን ፍጥነት ሳይጠየቅ ቀድሞ የሚያርፍ ምት ያውቃል። ብረት ደግሞ በረዶን ይሰብራል። ዊቫይል ትወድቃለች። የቀሩት አምስቱ ያለ እሷ ይደናበራሉ። ልጁ ስልኩን ይወረውራል።

«ለምን መጀመሪያ ታስገባታለህ?» አልኩት።

«ፈጣን ናት፣ እታለም። ቀድማ ካልገባች ፍጥነቷ ምን ይሠራል?»

ይህ አነጋገር ለእኔ አዲስ አይደለም። ሥራዬ ግብይት ነው፤ «ቀድመን እንግባ» የሚለውን ቃል በስብሰባ ላይ ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ያቀረብኩት የዋጋ ቅናሽ ዘመቻ ከማንም ቀድሞ ወጣ። ደንበኛው መጣ፤ ዕቃው ግን መደርደሪያው ላይ አልደረሰም ነበር። ተፎካካሪያችን በሳምንቱ ያንኑ ቅናሽ ከነዕቃው ይዞ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እኔን ነው። ዘመቻው መጥፎ አልነበረም፤ ከኋላው የቆመ ነገር አልነበረውም እንጂ።

«ታዲያ ፈጣኑ ቢቀርስ? ጠንካራውን መያዝ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። የእኛ አገር ሰው ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ የለበትም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ1867 መገባደጃ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጎተት፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ደረሰ፤ ነገር ግን የ1868ቱን ጦርነት ውጤት አልለወጠም። ክብደት ብቻውንም አያሸንፍም። በፖክሞንም ስድስቱንም ግንብ ብታደርጓቸው ቶሎ አትወድቁም፤ ጨዋታውን የሚጨርስላችሁ ግን ይቸግራችኋል። ፈጣኑ ያስፈልጋል። ጥያቄው መቼና ከማን ጋር የሚለው ነው።

በማግስቱ ዝናብ ስለነበር ከቤት አልወጣንም። አንድ ደብተር አመጣንና የተሸነፈባቸውን ግጥሚያዎች እያስታወሰ ጻፍናቸው። ከዚያ እኔ እየጠየቅሁ እሱ እየመለሰ፣ ለፈጣንና ስስ አጥቂ የሚሆን ደንብ አወጣን። ልጃችሁ ይህን ጨዋታ የሚጫወት ከሆነ ይጠቅመዋል፤ የማይጫወት ከሆነም አንብቡት።

የመጀመሪያው ደንብ፣ ስሱ አጥቂ ምት እየተቀበለ አይግባ የሚል ነው። በፖክሞን ቅያሪ ተራ ይበላል። አንዱን አስወጥታችሁ ሌላውን ስታስገቡ፣ ተቃዋሚው የሰነዘረው ምት የሚያርፈው በገቢው ላይ ነው። ለጠንካራው ይህ ጭረት ነው፤ ለዊቫይል ግን ሞት ሊሆን ይችላል። ሳትመታ የምትገባበት በር ጥቂት ነው። አንዱ ጓደኛዋ ሲወድቅ ነው፤ ያን ጊዜ ተተኪው ምት ሳያርፍበት ይገባል። ሁለተኛው ተቃዋሚው በዚያ ተራ እንደማይመታ፣ ለምሳሌ እሱም ሊቀይር እንደሆነ፣ ቀድሞ ሲገመት ነው። ሦስተኛው በር ከሁሉም ይበልጥ ደስ ያለኝ ነው።

እሱም ስሎውብሮ ነው። ስሎውብሮ ጅራቱን ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር ነክሶት እንኳ የማይደነግጥ ቀርፋፋ ፍጡር ነው። ፍጥነቱ 30 ነው፤ መከላከያው ግን 110። ዊቫይልን የሚገድለው ቡጢ እሱ ላይ ሲያርፍ ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጀመረው የጨዋታው ትውልድ፣ ልጁ የሚጫወተውም ይህንኑ ነው፣ ስሎውብሮ ቴሌፖርት የሚባል ምት ይጠቀማል። ይህ ምት ሁልጊዜ የሚፈጸመው በተራው መጨረሻ ላይ ነው። ተቃዋሚው መጀመሪያ ይመታዋል፤ እሱ ምቱን ይችላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወጣና ቦታውን ለጓደኛው ይለቃል። ዊቫይል አንዲት ጭረት ሳይነካት ሜዳ ላይ ትቆማለች። ማለትም ለፈጣኗ በሩን የሚከፍትላት በቡድኑ ውስጥ ከሁሉም የዘገየው ነው። የእህቴ ልጅ ስሎውብሮን «ሰነፍ ነው» ብሎ ከቡድኑ አውጥቶት ነበር። መለስነው።

ሁለተኛው ደንብ ስለ መንገዱ ነው። ተቃዋሚ ሜዳችሁ ላይ ሹል ድንጋይ ሊበትንባችሁ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚገባ ሁሉ ሲገባ ይወጋል። በረዶ በድንጋይ ስለሚጎዳ ዊቫይል በገባች ቁጥር ከሙሉ ሕይወቷ ሩቡን ታጣለች። ሁለት ጊዜ ገብታ ሁለት ጊዜ ብትወጣ፣ ማንም ሳይመታት ግማሽ ሆነች ማለት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ወይ ድንጋዩን የሚጠርግ ጓደኛ ማዘጋጀት ነው፣ ወይ ከዚሁ ከ2019 ጀምሮ የመጣውን ወፍራም ቦት ጫማ ማልበስ። ቦቱን የለበሰ ፍጡር የተበተነው ነገር አይወጋውም። ልጁ ግን ቦቱን ትቶ ምቷን የሚያበረታ ዕቃ ነበር ያስያዛት። «በነሐሴ እብናት ላይ ያለ ቦት የሚወጣ ማነው?» ስለው ሳቀ። ከመጣሁ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ደንብ፣ ጠላቷን ሌላ ሰው ያንሳላት የሚል ነው። በተቃዋሚው ቡድን ውስጥ ቀድሞ የሚያርፍ ምት ያለው ሲዘር ካለ፣ እሱ እስኪወድቅ ድረስ ዊቫይል ብትቆይ ይሻላል። ሲዘር እሳት አይችልም፤ እሳት 4 እጥፍ ይጎዳዋል። ስለዚህ እሳት የሚያውቅ ጓደኛ መጀመሪያ ይህን ሥራ ይጨርስ። ተቃዋሚው ሲደክም፣ አስፈሪው ሲወጣ፣ ፈጣኗ ያን ጊዜ ገብታ የቀሩትን አንድ በአንድ ትለቅማቸዋለች።

እንዲህ ዓይነቱ ትብብር የልጆች ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ዋሽንግተን ዲሲ በተደረገው የፖክሞን የዓለም ሻምፒዮና፣ ደቡብ ኮርያዊው ሴ ጁን ፓርክ ያሸነፈው ማንም ለውድድር ያላሰባትን ፓቺሪሱ የምትባል ትንሽ ሽኮኮ መሳይ ፍጡር በቡድኑ ይዞ ነው። ያ ውድድር ሁለት ለሁለት የሚገጠምበት ነው። የፓቺሪሱ ዋና ሥራ «እኔን ተከተሉ» በሚል ምት የተቃዋሚን ዱላ ወደ ራሷ መሳብ ነበር። እሷ ስትመታ አጠገቧ ያለው አጥቂ ሥራውን ይሠራል። በዚያ ቡድን ውስጥ ታሎንፍሌም የሚባል ፈጣንና ስስ አሞራም ነበር።

አራተኛው ደንብ ደግሞ መትቶ መውጣትን ማወቅ ነው። ይህን ለማስረዳት ጉግስን ጠቀስኩለት። ጉግስ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አሳዳጁ ዘንጉን ወርውሮ እዚያው አይቆምም። ፈረሱን ይመልሳል። ያን ጊዜ እሱ ራሱ ተሳዳጅ ይሆናልና ጋሻውን ወደ ጀርባው ያዞራል። ጎበዝ ጋላቢ የሚባለው ወርውሮ የሚመታ ብቻ አይደለም፤ ከወረወረ በኋላ በጊዜ የሚዞር ነው። ዊቫይል አንዱን ከጣለች በኋላ ሲዘር ብቅ ካለ፣ ማስወጣት ሽንፈት አይደለም። ልጁ ይህ ነበር የከበደው። «ካስወጣኋት እኮ ፈራ ይሉኛል» አለኝ። ማን ነው የሚለው? የማያውቀው፣ ስሙንም የማይነግረው፣ በሌላ አገር የተቀመጠ ሰው።

ያን ጊዜ ነው ግንቦት ላይ የሆነው ትዝ ያለኝ። ሦስቱን ከመለሰ በኋላ አራተኛውን «አላውቀውም፣ ይለፈኝ» ማለት ይችል ነበር። ማንም ግን ይህን አልነገረውም። እኛ ሁላችን «አንተማ ፈጣን ነህ» ነው ስንለው የኖርነው። እንግዳ ሲመጣ «ና እስኪ ይህን አስላ» እያልን መጀመሪያ የምናስገባው እሱን ነው። ሲሳካለት አጨበጨብን፤ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ አላስተማርነውም።

እና ያን ሳምንት ማን ነበር አጠገቡ የተቀመጠው? እናቴ ናት። እህቴ ስትቆጣ፣ አባቱ «ውርደት ነው» ሲል፣ ጎረቤት ሲጠይቅ፣ መልስ ስትሰጥ የከረመችው እሷ ናት። «አሞት ነው» ትል ነበር ለሁሉም። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ቁርሱን አቅርባ «ተነስ፣ እኔም ወደ ገበያ ስለምሄድ በዚያው አብረን እንወጣለን» አለችው። እስከ ትምህርት ቤቱ በር አደረሰችው። ስለ ውድድሩ አንድ ቃል አልተናገረችም። እናቴ ቀርፋፋ ናት፤ መንገድ ላይ ከሰው ሁሉ ጋር እየቆመች ሰላም ስለምትባባል ገበያ የምትደርሰው ሰው ሲመለስ ነው። ልጁ ግን በማንም አልገባም፤ በእሷ ነው የገባው።

በቡሄ ማግስት አንድ ግጥሚያ አብረን ተጫወትን። ዊቫይል 15 ተራ ያህል ሳትገባ ቆየች። ልጁ እግሩን ያንቀጠቅጥ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሊያስገባት ጣቱን ዘርግቶ መለሰው። ሲዘር በእሳት ወደቀ። ስሎውብሮ አንድ ከባድ ምት ተቀብሎ ወጣና ዊቫይል ገባች። ተቃዋሚው የቀሩት ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱንም ጣለች። የሚቀጥለውን ግጥሚያ ተሸነፈ፤ ዊቫይልን እስከ መጨረሻ አቆይቶ፣ ብቻዋን ስትቀር አስገብቷት ነው። ይህንንም ደብተሩ ላይ ጻፍነው። አስቀምጦ አስቀምጦ ሳይጠቀሙባት መሸነፍም አለና። ስልኩን ግን አልወረወረም። መደቡ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ውጭ ወጥቶ ዝናቡን ሲያይ ቆየ።

ከዚያ ወደ ቃሌ መጣሁ። እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት የምገባ ሰው ነኝ። ያንን ልጅ ማንንም በማያውቅበት ከተማ፣ ማንንም በማያውቅበት ክፍል ላስገባው ነበር። መጀመሪያ ወር ላይ እጁን ያወጣል፤ አንድ ቀን ይሳሳታል፤ በአነጋገሩ ይስቁበታል። ቤት ሲመጣ ማን ይኖራል? ማንም። እብናት ላይ ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ እናቴም አለች።

ለእህቴ «ዘጠነኛን እዚሁ ይማር» ስላት አልተስማማችም። «አንቺስ ማን ያዘሽ? በ18 ዓመትሽ ብቻሽን ወጥተሽ የለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ወጥቻለሁ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር እንዴት እንዳለፍኩት ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ነገርኳት። ቆይታ «እኔ እኮ ደስ ብሎሽ የምትማሪ ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ።

ለልጁ መንገር ከባዱ ነበር። ውጤቱ ጥሩ ከመጣ የቃሌን ግማሽ እንደምጠብቅ ነገርኩት። በሚቀጥለው ክረምት ሁለቱን ወር አዲስ አበባ እኔ ጋ ይመጣል፤ እኔም ያን ጊዜ የዓመት ፈቃዴን እወስዳለሁ። ከተማውን ይለምዳል፤ የሚማርበትን ትምህርት ቤት በር ያያል። ከዚያ 11ኛ ክፍል ላይ፣ እሱ ከፈለገ፣ ይገባል። ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፤ «አንድ ቀን» ማለት ተቀምጣ የቀረችዋን ዊቫይል ማድረግ ነውና። ሰማኝ፤ አልመለሰልኝም። ስመለስ መኪናው ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኘኝ፤ ግን እንደ ሁልጊዜው አልሳመኝም። ውጤቱ ከወጣ በኋላ ስደውል «ደህና ነኝ» ብሎ ስልኩን ለአያቱ ይሰጣታል። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ በጣም ጥሩ። ስለዚህ ልክ ነበርኩ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ በእርግጠኝነት የምመልሰው የለኝም። ቃሌን ማጠፌ እንዳሳዘነው አውቃለሁ። ያለ ጋሻ አለማስገባቴንም አውቃለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ አዲሱ የትምህርት ዘመን እየጀመረ ነው። በቤታችሁ ቶሎ የሚገባው፣ ቶሎ የሚመልስ፣ ቶሎም የሚሰበር ልጅ ካለ፣ «ጠንክር» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ሲገባ ምቱን የሚቀበልለት ማነው? መንገዱ ላይ የተበተነው ድንጋይ ምንድን ነው፤ ቦቱንስ ሰጥተነዋል ወይ? ሳይሸማቀቅ የሚወጣበትን ቃል፣ «ይህን አላውቀውም» ማለትን፣ አስተምረነዋል ወይ? አራተኛውም አይረሳ፤ የሚገባበት ቀን ተቆርጧል ወይ? ዊቫይልን ስሎውብሮ ማድረግ አይቻልም፤ መከላከያዋ 65 ነው፤ ተፈጥሮዋ ነው። እኛ መለወጥ የምንችለው አጠገቧ የሚቆመውን ነው።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ከእብናት ነው። ሰላምታ የለውም፤ የግጥሚያ ውጤት የሚያሳይ ፎቶ ብቻ ነው። አሸንፏል። ከሥሩ «ስሎውብሮ ነው ያሸነፈው» ይላል። ከመጣሁ ወዲህ እሱ ራሱ ሲጽፍልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። መልሴን ለመጻፍ ግን አልቸኮልኩም።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ቸር ያሰማን።